የዕለት እንጀራ በአገልግል

   

ባለፈው ትምህርታችን አባትና እናትን ስለ ማክበር ተምረናል። የወለዱንን ብቻ ሳይሆን በዕድሜ የሚበልጡንን ሁሉ ማክበር እንደሚገባንም አይተናል። ዛሬ ከዚያው ሳንርቅ፥ እርጅና ወይም ሕመም ከቤት ስላስቀራቸው አረጋውያን እንማራለን። እነዚህ አባቶችና እናቶች ገበያ መውጣት አይችሉም። እህል ተሸክመው ወፍጮ ቤት አይሄዱም። ምጣድ ፊት ቆመው እንጀራ አይጋግሩም። ታዲያ ምግባቸውን ማን ያደርስላቸዋል? መቼ መቼስ ያደርስላቸዋል?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል። የዛሬው ትምህርታችን በሁለተኛው ላይ ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በታሪኩ ውስጥ ስሕተት የሠራው ሰው እኔ መምህራችሁ ነኝ።

1. ያልተመለሰው ሳህን

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሐዋሳ፥ ከጉዱማሌ ብዙም ሳይርቅ፥ በአንድ ግቢ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ቤት የሚኖሩ እናት ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «እማማ» ይሏቸዋል። ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ወዲህ ግድግዳ ይዘው ከአልጋቸው እስከ በራፋቸው ቢደርሱ ነው። ጧሪ ልጅ አልነበራቸውም።

የፋሲካ ሰሞን ለተማሪዎቼ፥ «ዘንድሮ እማማን እኛ እናስፈስካቸው» አልኋቸው። ልጆቹም ለወላጆቻቸው ነገሩ። በበዓሉ ዕለት ከዘጠኝ ቤት ዘጠኝ ሳህን መጣ። እንጀራው ተቆለለ፤ የዶሮ ወጡ፥ አይቡ፥ ዳቦው ማስቀመጫ አጣ። እማማ እጃቸውን ዘርግተው አንድ በአንድ መረቁን። ልጆቹ ደስ አላቸው። እኔም ሥራዬን የጨረስሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በዓሉ ካለፈ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ከልጆቹ የአንዱ እናት፥ «ሳህናችን እማማ ዘንድ ቀርቷል፤ ሄደህ አምጣ» ብለው ላኩት። ልጁ ሲደርስ እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በበራፉ ፀሐይ ላይ ንጹሕ ማዳበሪያ ተነጥፎ ድርቆሽ ተዘርግቶበታል። ድርቆሽ ታውቃላችሁ አይደል? እንጀራ እንዳይሻግት ተቆራርጦ ሲደርቅ ነው።

«እማማ፥ ይህ ምንድን ነው?» አላቸው።

«የፋሲካው እንጀራ ነዋ ልጄ። ዘጠኝ ሳህን በአንድ ቀን በየት በኩል ይበላል? ወጡ ሦስት ቀን ቆየልኝ፤ ከዚያ ተበላሸ። እንጀራውን ግን አደረቅሁት። ጠዋት ጠዋት በውኃ አርሼ እቀምሳለሁ።»

ሳህኑን አጥበው ለብቻው አስቀምጠውት ነበር። «የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም» ብለው ከራስጌያቸው ካለች ከረጢት ሁለት እፍኝ ቆሎ ጨመሩበትና ሰጡት።

በሚቀጥለው እሑድ ይህ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፥ እማማ ዛሬ ምን በሉ?» አለኝ።

ክፍሉ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ አላውቅም ነበርና።

ልጆች፥ ስሕተታችን አለመስጠት አልነበረም። ሰጥተናል። ነገር ግን በአንድ ቀን ዘጠኝ ሳህን ሰጥተን በዐሥራ አንድ ቀን ምንም አልሰጠንም። ለእማማ የሚሻላቸው የቱ ነበር? ዘጠኙ ሳህን በአንድ ቀን ቢመጣ ወይስ በዘጠኝ ቀን አንድ አንድ ሳህን ቢመጣ? መልሱን ትንሹም ተማሪ ያውቀዋል። እኔ ግን አላሰብሁትም ነበር።

2. ሰባቱ ዲያቆናት ለምን ተሾሙ?

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። በሐዋርያት ዘመንም እንዲሁ ያለ ችግር ደርሶ ነበር። ቤታችሁ ስትገቡ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ከቁጥር 1 እስከ 6 አንብቡ።

በኢየሩሳሌም የነበሩት ክርስቲያኖች ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች፥ ማለት መበለቶችን፥ በየዕለቱ ይመግቡ ነበር። የምእመናኑ ቁጥር ሲበዛ ግን የግሪክ ቋንቋ ከሚናገሩት ወገን የሆኑት መበለቶች በዕለቱ እደላ ተረሱ። ወገኖቻቸውም አጉረመረሙ።

ሐዋርያት ይህን ሲሰሙ ምን አደረጉ? «መበለቶችን አስቡ» ብለው መክረው ብቻ አላለፉትም። እነርሱ ራሳቸው ስብከቱንም ማዕዱንም አንድ ላይ መያዝ እንደማይችሉ ተናገሩ። ከዚያም በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። እነርሱም እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስ፥ ጵሮኮሮስ፥ ኒቃሮና፥ ጢሞና፥ ጳርሜናና ኒቆላዎስ ናቸው። ጸለዩ፤ እጃቸውን ጭነው ሾሟቸው።

አስተውሉ ልጆች! ሥራው በስም ለታወቁ ሰዎች ተሰጠ። «ሁላችን እንሠራዋለን» የተባለ ሥራ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይሠራው ይቀራል። «ይህ የእገሌ ድርሻ ነው» ሲባል ግን ይሠራል።

«ዲያቆን» የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «አገልጋይ» ማለት ነው። ሰባቱ የተመረጡበትም የመጀመሪያ ሥራ ማዕድን የሚመለከት ነበር። እኔም ዲያቆን እባላለሁ። ያ ልጅ «እማማ ዛሬ ምን በሉ?» ሲለኝ ያፈርሁት ስለዚህ ነው።

ደግሞም በአቡነ ዘበሰማያት ጸሎታችን ምን ብለን እንደምንለምን አስቡ። የዓመት ጎተራ አንለምንም፤ የዕለት እንጀራችንን እንለምናለን እንጂ። እኛ የዕለቱን እየለመንን ለእማማ የዓመቱን በአንድ ቀን አራገፍንላቸው።

3. የአረጋዊ ሰውነት ምን ይፈልጋል?

በየዕለቱ መብላት ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል። ለአረጋውያን ግን ከሌላው ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ።

ሰው ሲያረጅ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ያቅተዋል። ጥቂት ጥቂት፥ ቶሎ ቶሎ መቅመስ ይሻለዋል። ውኃ ጥሙም ይቀንሳል፤ ሰውነቱ ውኃ እየፈለገ እርሱ ግን ላይጠማው ይችላል። ጥርሱ ስለሚያልቅ ጠንካራ ነገር አያኝክም። ብዙ አረጋውያንም መድኃኒት አላቸው። አንዳንዱ መድኃኒት ከምግብ በኋላ የሚወሰድ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ቢያጣ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን የቀረ ምሳ ለእናንተ ትንሽ ረኀብ ሲሆን ለእነርሱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

4. የዕንባቆም ወጥ

አሁን ደግሞ ምግብ በማድረስ ሩቅ ስለ ሄደ ሰው እንነጋገር። ታሪኩ በተረፈ ዳንኤል ተጽፎ ይገኛል።

ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን በአንበሶች ጉድጓድ ተጥሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ዕንባቆም በይሁዳ ሀገር ወጥ ሠርቶ፥ እንጀራም ቆርሶ በሳህን አድርጎ በእርሻ ላሉ አጫጆች ሊወስድ ተነሣ። የእግዚአብሔር መልአክ ተገልጦ ምሳውን በባቢሎን ላለው ለዳንኤል እንዲያደርስ አዘዘው። ዕንባቆምም ባቢሎንን አይቶ እንደማያውቅ፥ ጉድጓዱም የት እንዳለ እንደማያውቅ ተናገረ። መልአኩ በራስ ጠጉሩ ይዞ አነሣውና ከጉድጓዱ አፍ ላይ አደረሰው። ዳንኤልም ተነሥቶ በላ።

ልጆች፥ ዳንኤል ምግቡ ሲደርሰው አስቀድሞ የተናገረው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስለ ወጡ አልተናገረም። እግዚአብሔር እንዳሰበው፥ እንዳልተወው ነው የተናገረው። ከቤት የማይወጣ አረጋዊም እንዲሁ ነው። በሩ ሲንኳኳ ከሳህኑ በፊት የሚደርሰው ነገር «አልተረሳሁም» የሚለው ነው።

እናንተ ወደ ባቢሎን እንድትሄዱ አልታዘዛችሁም። የእናንተ ባቢሎን የጎረቤት ጓሮ ነው።

5. በጉዱማሌ የሚነገረው ታሪክ

ጉዱማሌን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፍቼ ጫምባላላን በአደባባይ ከሚያከብርባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. (በ2015 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የሰው ልጆች ወካይ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ተጽፏል። ስለ በዓሉ አመጣጥ ከአባቶች የሚነገረውን ታሪክ ግን ሁላችሁም ሰምታችሁት ይሆን?

እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን አንዲት የሲዳማ ሴት ነበረች። ካገባች በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር። ስትመጣም ባዶ እጇን አልነበረም፤ ከእንሰት፥ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር። ምግቡንም ጎረቤት ሁሉ ይካፈለው ነበር። ፍቼ የአንድነት ምልክት የሆነው ከዚህ ተነሥቶ ነው ይባላል።

ይህ ታላቅ በዓል የተነሣው ልጅ ለወላጆቿ ምግብ ተሸክማ በመሄዷ መሆኑ አያስደንቅም? በበዓሉም ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ጎረቤትን ሰላም ይላሉ፤ ጎረቤትም ቡርሳሜ ያቀርብላቸዋል። የጎሣ መሪዎችም ሕዝቡ በርትቶ እንዲሠራ፥ አረጋውያንን እንዲያከብርና እንዲረዳ ይመክራሉ።

ያች ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ትመጣ የነበረው ባል አግብታ ስለ ሄደች ነው። እናንተ ግን ሩቅ አይደላችሁም። ከእማማ ቤት እስከ እናንተ ቤት ዘፈን ሳያልቅ ይደረሳል። በበዓል ቀን እግራችሁ የለመደውን የጎረቤት በር በማክሰኞም ልታንኳኩት ትችላላችሁ።

6. ሌሎች ሰዎች እንዴት አደረጉት?

በእንግሊዝ ሀገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ቤት በቦምብ ፈረሰ። ምግብ ማብሰያ ያጡና ከቤት መውጣት ያልቻሉ አረጋውያን ነበሩ። በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ተደራጅተው ትኩስ ምግብ በየቤታቸው ማድረስ ጀመሩ። በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ እንዲሁ ያለ ሥራ ተጀመረ። በዚያ ምግቡን ከሚያደርሱት ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ሰዎች «የሳህን መላእክት» ብለው ጠሯቸው።

በሀገራችን መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ አማካይነት በአዲስ አበባ ተመሥርቶ፥ በጎዳና ወድቀው የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን አንሥቷል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜም «ማዕድ ማጋራት» ተብሎ ብዙ ሰው ለጎረቤቱ እህልና ዘይት አካፍሏል።

እንግዲህ በራቸው ተዘግቶ በውስጥ ያሉት ይቀራሉ። ጎዳና ላይ ስለሌሉ አይታዩም። ጥሬ እህልና ዘይት ቢሰጣቸውም ቆመው ማብሰል አይችሉም። እነርሱን የሚያውቃቸው ጎረቤት ነው፤ ከጎረቤትም በየግቢው የምትሯሯጡት እናንተ ልጆች ናችሁ።

«ታዲያ በየቀኑ እንዴት ይቻላል?» ትሉ ይሆናል። ወላጆቻችን ያውቁበታል። እድርን ተመልከቱ። መዝገብ አለው፤ ሰብሳቢ አለው፤ መዋጮ አለው፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። ስለዚህ ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፤ ለኀዘንተኛውም ምግብ በየተራ ይመጣል። የጽዋ ማኅበርንም ተመልከቱ። ወር በገባ ቁጥር ተረኛው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ጽዋውን ተራ በተራ ያወጣል።

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውን ምርቃት ሰምታችሁታል። ጧሪ ይቀድማል፤ ቀባሪ ይከተላል። እኛ ግን ለመቅበሩ መዝገብ አለን፤ ለመጦሩ ግን መዝገብ የለንም።

7. አገልግሉን እንዴት እናዘጋጅ?

ድሮ መንገደኛ ስንቁን የሚይዝበት፥ በቆዳ የተለበጠ ክዳን ያለው የስንቅ ዕቃ «አገልግል» ይባላል። እስኪ ስሙን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። «አገልግል!» ብሎ የሚያዛችሁ አይመስልም? እንግዲህ አገልግል ባይኖራችሁ ምሳ ዕቃም ይሁን ክዳን ያለው ሳህን፥ ትእዛዙን አትርሱ። ስታዘጋጁም የሚከተለውን ጠብቁ።

ሀ) ከድስቱ መጀመሪያ ይቀዳ። ቤተሰብ በልቶ የተረፈውን አንውሰድ። ለእግዚአብሔር የሚሰጠው በኵራት እንጂ ትራፊ አይደለም።

ለ) እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ምግቡ በትኩሱ ተከድኖ ቶሎ ይድረስ። የሐዋሳ ሙቀት ወጥ ያበላሻል፤ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሞቅ እንዳይቆይ ተጠንቀቁ። በመንገድ ቆማችሁ ኳስ አትመልከቱ።

ሐ) አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጨው የተከለከሉ ናቸው? ስኳር አለባቸው? ማኘክ ይችላሉ? አጥሚት፥ ገንፎ፥ የለሰለሰ ሽሮ፥ በደንብ የበሰለ አትክልት ለብዙዎቹ ይስማማቸዋል። ዓሣ ከሆነ እሾሁን እናታችሁ ይልቀሙት። ውኃም አብራችሁ ቅዱላቸው።

መ) ጾሙን ጠብቁ። ረቡዕና ዓርብ፥ በዐቢይ ጾምም የጾም ምግብ ይወሰዳል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ካሉ ምግቡ ቀትር ላይ ደርሶ አይቀዝቅዝባቸው። ስለ ታመሙት ግን የንስሐ አባታቸው ያዘዟቸውን እንከተላለን እንጂ እኛ ፈራጆች አንሆንም።

ሠ) ጎረቤት ሁሉ ጎረቤት ነው። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ያነሣው «የማን ወገን ነህ?» ብሎ ጠይቆ አይደለም። ሙስሊም ለሆኑት እማማ ሥጋ አንወስድም፤ እርሳቸው ሊበሉት አይችሉምና። ሽሮውን፥ ምስሩን፥ ጎመኑን እንወስዳለን። ሰውን በሚበላው ነገር ማክበርም ፍቅር ነው።

ረ) ብቻችሁን አትሂዱ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ልኳቸዋል። እናንተም ሁለት ሆናችሁ፥ አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ፥ ለወላጅ ተናግራችሁ ሂዱ።

ሰ) ሳህን አስቀምጦ መሮጥ የለም። ሰላም በሉ፤ ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ፤ ጥቂት ተቀመጡ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አጉርሷቸው። ሲመርቁ ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «አሜን» በሉ። ቆሎም ቢሆን ሲሰጧችሁ በሁለት እጃችሁ ተቀበሉ፤ ሰጪ መሆን ለእነርሱም ደስታ ነውና። በስልክ ፎቶ ማንሣት፥ «እኔ ነኝ የማበላቸው» ብሎ ማውራት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሸ) በሩ ካልተከፈተ ምግቡን በራፍ ላይ ትታችሁ አትመለሱ። ወዲያው ለጎረቤትና አብሯችሁ ላለው ትልቅ ሰው ንገሩ።

8. ተራው

ያ ልጅ ከጠየቀኝ በኋላ ወላጆችን ሰበሰብን። በአካባቢው ከቤት የማይወጡ አራት አረጋውያን አገኘን። ሳምንት ደግሞ ሰባት ቀን አለው። አራትን በሰባት አባዙ፤ ስንት ሆነ? 28። በክፍላችን የነበሩት ቤተሰቦችም 28 ነበሩ። እንግዲህ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አንድ ሳህን ቢጨምር አራቱ አረጋውያን በየቀኑ ምሳ ያገኛሉ ማለት ነው። የፋሲካው ዕለት ከአንዳንዱ ቤት ከወጣው የሚበልጥ አይደለም። የጎደለን ምግብ ሳይሆን ተራ ነበር።

በወረቀት ጻፍነውና በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። መጀመሪያ ሁሉ ነገር መልካም ሆነ። የፈተና ሰሞን ግን ተራው ተቋረጠ። ክረምት ሲገባና ዝናብ ሲበዛም እንዲሁ። አንዱ ሲቀር ሌላው አያውቅም። ስለዚህ በየተራው ጎን «ተጠባባቂ» የሚል መስመር ጨመርን። ተረኛው ካልቻለ ማለዳ ለተጠባባቂው ይነግራል። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተቋረጠም።

አንድ ማክሰኞ ሁለት ልጆች ከአንዷ እናት ጋር ወደ አንድ አባት ቤት ሄዱ። እኒህ አባት በጉልበታቸው ዘመን ከሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። በሩን አንኳኩ፤ መልስ የለም። ሁልጊዜ የሚሰማው የሬዲዮ ድምፅም የለም። ልጆቹ እንደ ተማሩት ጎረቤት ጠሩ። በሩ ሲከፈት አባባ ከአልጋቸው ሥር ወድቀው ተገኙ። ሌሊት ወድቀው መነሣት አቅቷቸው አድረዋል፤ ድምፃቸውም ደክሟል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ተወሰዱ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ተረፉ።

ልጆች፥ ያ ቀን ፋሲካ አልነበረም፤ ገናም አልነበረም። ማክሰኞ ነበር። በበዓል ቀን ብቻ የምንሄድ ብንሆን ኖሮ የምንሰማው ምን እንደነበር አስቡ። እኔም ተራ ከመጻፋችን በፊት ያለፉትን ብዙ ማክሰኞዎች ሳስብ አዝናለሁ።

እማማ ዛሬ በሕይወት የሉም። ባረፉ ጊዜ እድሩ ድንኳን ጣለ፤ ምግቡም ከየቤቱ ብዙ መጣ። ያ ሳህን ሊያመጣ የሄደው ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። «መምህር፥ ትናንት ምን እንደበሉ አውቃለሁ፤ ተረኛው እኛ ነበርን» አለኝ።

እኔም ዘንድሮ ለእናንተ ያንን ጥያቄ እተውላችኋለሁ። በሰፈራችሁ ከቤት የማይወጡት እማማ ወይም አባባ ዛሬ ምን በሉ? ካላወቃችሁ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በፋሲካ ዕለት ዘጠኝ ሳህን የቀረበላቸው እማማ ድርቆሽ ያደረቁት ለምንድን ነው?

2. ሐዋርያት መበለቶቹ በተረሱ ጊዜ ምን አደረጉ? የሰባቱን ስም በቃላችሁ አጥኑ።

3. «ዲያቆን» ማለት ምን ማለት ነው?

4. ዕንባቆም ምሳውን ለማን ሊወስድ ነበር? ለማንስ አደረሰው?

5. በሩን አንኳኩታችሁ መልስ ብታጡ ምን ታደርጋላችሁ?

6. በክፍላችሁ ስንት ቤተሰብ አለ? ከቤት የማይወጡ ስንት አረጋውያንን በየቀኑ መመገብ ትችላላችሁ? ቁጥሩን ለሰባት አካፍላችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ። የተረኛና የተጠባባቂ ሠንጠረዥም በደብተራችሁ ሥሩ።

የቃላት ፍቺ

መበለት፦ ባሏ የሞተባት ሴት።
በኵራት፦ የመጀመሪያ ፍሬ፤ አስቀድሞ ለእግዚአብሔር የሚሰጥ።
ጧሪ፦ በእርጅና ጊዜ የሚመግብና የሚንከባከብ።
ተረኛ፦ ተራው የደረሰው።